የዩኒቨርሲቲዎች ልውውጥ፦ ለማን? በማን ቋንቋ?

ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የመግባቢያ ሰነድ በተፈራረሙ ቁጥር የሚነበበው ዜና አንድ ዓይነት ነው። ስንት መምህራን እንደሚሄዱ፣ ስንት ተመራማሪዎች እንደሚመጡ፣ ስብሰባው በየስንት ዓመቱ እንደሚደረግ ይዘረዘራል፤ እጅ ለእጅ የተጨባበጡ ሰዎች ፎቶግራፍ ይከተላል። ከመንገደኛው ጋር ምን እንደ ሄደ፣ ምንስ እንደ ተመለሰ፣ የተመለሰውም በየትኛው ቋንቋ ተጽፎ በየትኛው የትምህርት ክፍል እንደ ተነበበ የሚጠይቅ ግን የለም። ይህ ጸሐፊ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ መልሱንም አስቀድሞ ለመናገር አያመነታም። የተጠናው ሕዝብ ስለ ራሱ የተገኘውን እውቀት በሚያነብበው ቋንቋ እስካላገኘው ድረስ፣ የተፈረመው ሰነድ የልውውጥ ሳይሆን የጭነት ሰነድ ነው።

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1652 የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በሂዮብ ሉዶልፍ ጋባዥነት ከሮም ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ጎታ ከተማ መጡ። ሉዶልፍ ግዕዙንም አማርኛውንም፣ የአገሩን ታሪክና ወግም ከእኚህ ሊቅ ጠይቆ ተማረ። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በላቲን አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ተሰብሮባቸው ባሕር ውስጥ ቀሩ። ሉዶልፍ መምህሩ ማን እንደ ነበሩ ስላልደበቀ በዚህ አይወቀስም። ሆኖም ፍሬው ለማን እንደ ደረሰ እንመልከት። ከአንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አንደበት የተቀዳው እውቀት ለአውሮፓ ሊቃውንት ማዕድ ሲሆን፣ የመነኩሴው ወገኖች የማያነብቡት መጽሐፍ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሦስት መቶ ስድሳ ዓመታት አልፈዋል፤ የመንገዱ አቅጣጫ ግን ብዙም አልተለወጠም።

ይህን የሰሙ አንዳንዶች ወዲያው «እንግዲያው በሩ ይዘጋ!» ይላሉ። ከእነርሱም ጋር አልስማማም። በ1868 ከመቅደላ ተጭነው ወደ ለንደን የተወሰዱት ብራናዎች ዘረፋ ናቸው፤ ዘረፋና ልውውጥ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ግን ሌላ ጠባይ ነበረው። ቤተ ክህነትና የኢትዮጵያ መንግሥት በአንድ ወገን፣ አሜሪካን አገር ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በሌላው ወገን ሆነው ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ፊልም አነሡ። የሄደው ሥዕሉ ነው፤ መጽሐፉ ወደ ደብሩ ተመልሷል። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ብራናው በጦርነት፣ በእሳት ወይም በሌባ እጅ ቢጠፋ ፊልሙ ምስክር ሆኖ አለ። በሩን ዝጉ ባዮች ለዚህ ምን መልስ አላቸው?

ነገር ግን የዚህ መልካም ሥራ ታሪክ የራሱ ቁስል አለው። የፊልሞቹን ዝርዝር በማዘጋጀት ስማቸው የገነነው ሊቅ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት አቆሰሏቸው፤ እግራቸው ሽባ ሆነ። ለሕክምና ወጡ፣ በዚያው ኮሌጅቪል ገቡ። እንግዲህ ሊቁን አሳልፈን የሰጠነው በስምምነት አንቀጽ ሳይሆን በጥይት ነው። ካድሬ ወንድሞቼ ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ። የተቀበላቸው አገር በ1988 ትልቁን የማካርተር ሽልማት ሰጣቸው። እሳቸውም በ2021 እስካረፉ ድረስ፣ ለዓለም ሊቃውንት በእንግሊዝኛ ዝርዝሩን ሲጽፉ፣ ለወገናቸው ደግሞ «ባሕረ ሐሳብ»ን የመሰለ መጽሐፍ በአማርኛ ጻፉ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው አንድ ሰው የከፈሉትን የቋንቋ ዕዳ፣ ስንትና ስንት ተቋሞቻችን ሊከፍሉት አልቻሉም።

ወደ ሐምቡርግ እንለፍ። በዚያ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የኢትዮጵያ ጥናት ኢንሳይክሎፔዲያ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ታላላቅ ቅጾች ታትሟል። ከጸሐፊዎቹ መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉበት። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ስለ ላሊበላ፣ ስለ ቅኔ፣ ስለ ገዳ ሥርዓት የሚናገረውን አንቀጽ የደብረ ታቦር ወይም የነቀምቴ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በምን ያነብበዋል? ጥፋቱ የሐምቡርግ አይደለም፤ እነርሱ ለአንባቢያቸው ጻፉ። ለአንባቢያችን መጻፍ የነበረብን እኛ ነን። (አማርኛን የማነሣው የምጽፍበት ቋንቋ ስለ ሆነ ነው፤ ለኦሮምኛም፣ ለትግርኛም፣ ለሶማሊኛም ክርክሩ ያው ነው።) በየስብሰባው «እውቀት ድንበር የለውም» የሚሉ ምሁሮቻችን እውቀት ቋንቋ እንዳለው ለምን ይረሱታል? በውጭ መጽሔት የታተመች ዐሥር ገጽ ለማዕረግ ስትቈጠር፣ መጽሐፍ ሙሉ ወደ አገር ቋንቋ የመለሰ ሰው «ትርፍ ጊዜውን የሚያባክን» ተብሎ ሲታለፍ ይህ ጸሐፊ በዓይኑ አይቷል።

አንድ ጊዜ በዚሁ የልውውጥ ስም ወደ አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ተጋብዤ ነበር። የሄድሁት ተውኔቴን ላነብ ነው። ከደረስሁ በኋላ ለንባቡ ሃያ ደቂቃ፣ ለቡና ማፍላት ሥነ ሥርዓቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንደ ተመደበ ተረዳሁ። ቡናው መልካም ነበር። ከተመለስሁ በኋላ ከላኪዎቼ የተጠየቅሁት ሪፖርት ግን የአውሮፕላን ቲኬቱን ጉራጅ ብቻ ነው።

ልውውጥ ማለት ሀብታም ሰጥቶ ድሃ የሚቀበልበት ብቻ ነው የሚለውም ሐሳብ በእኛው ታሪክ ይፈርሳል። በ1958 አክራ ላይ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጠች። ከየቅኝ ግዛቱ የመጡት ወጣቶች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትምህርት ወሰዱ፤ በምላሹም የጸረ ቅኝ አገዛዝ ትግሉን ወሬና ደፋር ክርክር በየመኝታ ቤቱ አመጡ። የተማሪዎቻችን ንቃት ከዚያ ክርክር ብዙ እንደ ጠቀመ የትግሉ ታሪክ ጸሐፊዎች መስክረዋል። ጋባዡ ከእንግዳው ተማረ፤ የጋባዡ መንግሥት እንኳ ያልጠበቀውን።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽና የሚጨበጥ ነው። ከእንግዲህ በሚፈረም በማናቸውም ስምምነት ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ። የጥናቱ ውጤት ከታተመ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ጥናቱ በተደረገበት ሕዝብ ቋንቋ በአጭሩ ይታተም፤ አንድ ቅጂም ብራናውን ላሳዩት የደብሩ አለቃ፣ ታሪኩን ለነገሩት ሽማግሌ ይድረስ። የትርጉሙ ወጪ ከመጓጓዣው ሂሳብ ጋር አብሮ ይያዝ። ለሚቀጥለው ፊርማ የተጠራ መምህር ካለ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ከመቅረቡ በፊት ይህ አንቀጽ በየትኛው ገጽ እንዳለ ይጠይቅ።