የድርሰት ትምህርት ደራሲን ያፈራልን?

«ደራሲነት ተሰጥዎ እንጂ ትምህርት አይደለም» የሚል አባባል በብዙ ሰዎች ዘንድ ይሰማል። ይህን አባባል አምኖ የተቀበለ ተማሪ፣ የመጀመሪያ ድርሰቱ በቀይ ቀለም ታርሞ ሲመለስለት «እኔ አልተፈጠርሁበትም» ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል። በእኔ አስተያየት ግን አባባሉ ከግማሽ እውነት አያልፍም። ተሰጥዎ ዘር ነው፤ ዘርም ባልታረሰና ባልታረመ መሬት ላይ መልካም ፍሬ አይሰጥም።

ለዚህ የቅርብ ማስረጃ የሚሆነን የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ሁለት ስንኝ ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ረዣዥሞቹ የቅኔ ዓይነቶች ያልፋል። ገለል ብሎ ብቻውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ቃሉ የተፋለሰበትን፣ ምሥጢሩ የላላበትንና ቤት ያልመታበትን እየነቀሰ ያርመዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ለንባብ ያበቁት ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ የተማሩ ነበሩ። ስለዚህ እርሳቸውን «ያለ ትምህርት የተገኙ ደራሲ» ማለት አይቻልም።

በሌላም አገር ተመሳሳይ ምሳሌ እናገኛለን። በእንግሊዝ አገር በሚገኘው በምሥራቅ አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ፣ ደራስያኑ ማልኮም ብራድበሪና አንገስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 የፈጠራ ድርሰት ትምህርት በማስተርስ ደረጃ አቋቋሙ። ካዙኦ ኢሺጉሮ ይህን ትምህርት በ1980 ፈጽመው በ1982 የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን አሳተሙ፤ በ2017 ደግሞ በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት አገኙ።

እንዲህ ያለው ትምህርት ለጀማሪ የሚሰጠው ጥቅም ሦስት ነው። አንደኛ፣ የማስረከቢያ ቀን ስለሚወስን «ስሜቱ ሲመጣልኝ እጽፋለሁ» የሚለውን ምክንያት ያስቀራል። ሁለተኛ፣ ከወዳጅና ከዘመድ ይልቅ ሳያዳላ የሚተች አንባቢ ያስገኛል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ አፍርሶ መሥራትን ያስለምዳል።

ተቃዋሚዎች «ትምህርቱን የተከታተሉ ሁሉ መጽሐፍ አላሳተሙም» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። አሳታሚ የሚመዝነው ረቂቁን እንጂ የምስክር ወረቀቱን አይደለም። ይሁን እንጂ ትምህርት የኅትመት ዋስትና ባይሆንም፣ ረቂቁ አሳታሚ ፊት ከመቅረቡ በፊት ሊታረም የሚችለው ጉድለት እንዲታረም ያደርጋል። በየትኛውም ሙያ ከትምህርት ከዚህ የበለጠ ዋስትና አይጠየቅም። ሕንፃ ሠሪ፣ ሸማኔና አናጢ ከሌላ ሰው ሥር ሆነው ሲማሩ ማንም አይነቅፋቸውም፤ ደራሲን ብቻ «ሳትማር እወቅ» ማለት አግባብ አይደለም።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ድርሰታችሁ ታርሞ ሲመለስላችሁ ማርኩን ብቻ አይታችሁ ደብተራችሁን አትዝጉ። እርማቱን ተከትላችሁ እንደገና ጻፉት፤ ሁለተኛውንም ጽሑፍ ለጓደኛችሁ አስነብቡ። ደራስያን በሙያቸው የሚያድጉት በዚሁ መንገድ ነው።