የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ የልደት ነጋሪት
ይህን የልደት እትም ለዜማ ደራሲው ለዮሐን ሰባስቲያን ባኽ መታሰቢያ ስናደርገው ከሊቅነቱ አስቀድሞ የታየን ቤቱ ነው፤ ከመጀመሪያይቱ ሚስቱ 7፣ እርስዋ ካረፈች በኋላ ካገባት ከአና ማግዳሌና 13 ልጆች ወልዶ፣ ለአካለ መጠን የደረሱት 10 ብቻ የሆኑለት ይህ አባት፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1734 በላይፕሲግ የሕፃኑን የኢየሱስን ልደት በስድስት ክፍል ማኅሌት አመሰገነ። መክፈቻው ነጋሪት ነው! ይህ የመክፈቻ ዜማ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለአንዲት ምድራዊት ንግሥት ልደት የተደረሰ ነበርና፣ ወደ መድኃኔ ዓለም ልደት መዛወሩን እንደ ድካም የሚቆጥሩበት ቢኖሩም፣ ለእኛ ግን ክብርን ወደ ባለቤቱ መመለስ ሆኖ ይታየናል። በዚህ እትም ለአና ማግዳሌናም ሰፊ ስፍራ ሰጥተናል፤ እርስዋ ራስዋ ዘማሪት ሆና፣ ልጆች እያሳደገች የባልዋን ድርሰት ስትገለብጥ ኖራለች፤ ጽሕፈትዋም ከእርሱ ጽሕፈት ጋር እጅግ ከመመሳሰሉ የተነሣ ሊቃውንት አንዳንዱን የእጅዋን ሥራ ለብዙ ዘመን የእርሱ ነው ሲሉ ቈይተዋል።