«ብረት ከነካው ይቆጣል» የምንለው እስከ መቼ ነው?

ከግንጪ እስከ አምቦ፣ ከጉደር እስከ ጌዶ በየቤቱ የሚነገር አንድ ወሬ አለ፤ «እብጠትን ብረት ከነካው ይቆጣል፣ ይሰራጫል» ይባላል። አንዲት የሠፈራችን እናት ይህን ፈርታ በጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ዓመት ሙሉ ደበቀች። ጥቁር አዝሙድ በማር ስትወስድ፣ ፍልውሃ ስትመላለስ ቆይታ ሐኪም ዘንድ የደረሰችው ቁስል ከሆነ በኋላ ነበር። ወሬው ስህተት ነው የምለው ለምን እንደሆነ ከአንድ የአገራችን ልጅ ሥራ ተነሥቼ ላስረዳ።

ዶክተር ይሄነው አጋዜ የሞለኪውል ባዮሎጂ ተመራማሪ ናቸው። በካናዳው ሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ በዲ ኤን ኤ ላይ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ስቶኒ ብሩክና ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች በካንሰር ላይ ሠርተዋል። ብዙ ዓመት የደከሙት ኤስ ኤች ፒ 2 በምትባል አንዲት ፕሮቲን ላይ ነው።

ለመሆኑ ይህች ፕሮቲን ሥራዋ ምንድን ነው? የሰውነታችን ሕዋስ እንዲያው በዘፈቀደ አይባዛም። ከውጭ «ተባዛ» የሚል መልእክት ሲመጣ በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለ ተቀባይ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ከዚያ መልእክቱን የሚያጠፋ ሌላ ፕሮቲን መጥቶ በተቀባዩ ላይ ባለች ምልክት ላይ ያርፋል። ዶክተር ይሄነው ከማይክል ሄይማን ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳዩት፣ ኤስ ኤች ፒ 2 ያችን ምልክት እንደምትፍቃት ነው። አጥፊው ማረፊያ ያጣል፤ መልእክቱም ሳይጠፋ ይቆያል። ማታ መብራት ሊያጠፋ የተነሣ ሰው ማጥፊያውን ከግድግዳው ላይ ቢያጣው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በቤተ ሙከራ በሚያድጉ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ የፕሮቲኗን ሥራ ሲያግዱ፣ ሕዋሳቱ ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው መመለስ ጀመሩ። ይህ በሳህን ላይ የታየ ነው፤ ገና መድኃኒት አይደለም። እርሷን ለማገድ የተሠሩ መድኃኒቶች በሰው ላይ መሞከር የጀመሩት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ታዲያ ይህ ለአምቦ እናት ምኗ ነው? ምኗ መሰላችሁ! የጡት ካንሰር ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሕዋሱን የሚያባዛው መልእክት ከሴት ሴት ይለያያል። አንዱ በሆርሞን ይነሣሣል፤ ለእርሱ ታሞክሲፌን የሚባል ኪኒን አለ። ሌላው ሄር-2 የሚባል ተቀባይ በዝቶበት ነው፤ ለእርሱ ትራስቱዙማብ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ተፈቅዷል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ ከእብጠቱ ናሙና ሲወሰድ ብቻ ነው። እንግዲህ የምንፈራው ብረት መድኃኒቱን የሚያሳየን እርሱ ነው ማለት ነው። «ቀዶ ሕክምና አድርጋ ሞተች» የምንላት እኅትም ብዙውን ጊዜ የዘገየች ናት፤ በሽታው ቢላዋው ሳይነካት አስቀድሞ ተሰራጭቶ ነበር።

ጥቁር አዝሙዱንና ማሩን ተዉ አላልኩም። ፍልውሃውም ድካም ያወጣል፤ እብጠት ግን አያቀልጥም። ደግሞም አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለምና ተመርምሮ በእፎይታ መመለስም አለ። በወንድ ሐኪም መታየት የከበዳት እኅት ሴት ባለሙያ ትመድቡልኝ ብላ መጠየቅ ትችላለች፤ ሐያእ ከምርመራ የሚያስቀር ምክንያት አይደለም። ባሎችም «እስኪ ይቆይ» የምትለዋን ቃል ብንተዋት መልካም ነው፤ የትራንስፖርቱ ገንዘብ ያለው ብዙ ጊዜ በእኛ ኪስ ነውና።

ናሙና ከተወሰደ በኋላ የሆርሞን ተቀባይና የሄር-2 ምርመራ ተሠርቶ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። የውጤቱን ወረቀት በፕላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ወደ አዲስ አበባ ከተላካችሁ የሚቀበላችሁ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው።