ኤክስፖሲቶ ስለሚባለው የእስጳንያ የቤተ ሰብ ስም

በእስጳንያ አገር እያንዳንዱ ሰው ሁለት የቤተ ሰብ ስም ይይዛል፤ ይኸውም አንዱ ከአባቱ ሁለተኛው ከእናቱ የሚመጣ ነው። ሴትም ባል ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ከነዚህ ስሞች ሁሉ የሚበዛው ጋርሲያ ሲሆን፥ ይህን ስም በመጀመሪያው ስፍራ የያዙት ብቻ ከ1,400,000 ይበልጣሉ። ዛሬ ልናወጋችሁ የወደድነው ግን ባለቤቶቹ ከጋርሲያ እጅግ ስለሚያንሱት፥ ታሪኩ ግን ስለሚከብደው ስለ ኤክስፖሲቶ ነው።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ወደ ውጭ የተጣለ» ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ድህነት ያስጨነቃት ወይም ነውርን የፈራች እናት ሕፃንዋን በሌሊት ወስዳ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ታስቀምጠው ነበር። ለነዚህም ሕፃናት ማሳደጊያ ቤቶች ተሠሩላቸው፤ በ16ኛው መቶ ዓመት በማድሪድ የተቋቋመው ኢንክሉሳ የተባለው አንዱ ነው። በእንደነዚህ ያሉ ቤቶች ግድግዳ ላይ ቶርኖ የሚሉት የሚሽከረከር ሣጥን ነበረ። እናቲቱ ልጁን በውስጡ ታስተኛና ደወል ትደውላለች፤ በውስጥ ያለችው ተቀባይ ሣጥኑን አዙራ ልጁን ትወስዳለች፤ ሁለቱም አይተያዩም። አንዳንዲቱ እናት አንድ ቀን ተመልሳ ልጅዋን ለመለየት ተስፋ አድርጋ ወረቀት ወይም የጥብጣብ ቁራጭ ታስርበት ነበር። ይሁን እንጂ ከሕፃናቱ ብዙዎቹ ሳያድጉ ይሞቱ ነበር።

በሕይወት ለቀሩት፥ የአባታቸው ስም ስላልታወቀ፥ ኤክስፖሲቶ የሚለው በብዙ ስፍራ የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ተጻፈላቸው። ስለዚህ ይህን ስም የሚይዙ ሁለት ሰዎች ዘመዳሞች ናቸው ማለት አይደለም፤ ያገናኛቸው ደም ሳይሆን መዝገብ ነው።

ንጉሥ ካርሎስ 4ኛ በ1794 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት አዋጅ፥ ተጥለው የተገኙ ልጆች በሕግ ፊት በጋብቻ እንደ ተወለዱ እንዲቈጠሩ አዘዙ። ከነዚህም አንዱን «ዲቃላ» ብሎ የሰደበ ሰው በዳኛ ፊት ቃሉን እንዲመልስና መቀጫ እንዲከፍል ተወሰነ። እኛ እንደሚመስለን አዋጁ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ጐደለው፤ ስድቡን ሲከለክል ስሙን ግን እንዳለ ተወው። ሰውየው በትምህርት ቤትም በጋብቻ ውልም ፊት ስሙን በተናገረ ቍጥር መጣሉን ራሱ መመስከር ነበረበት። ባለ ስሞቹ ያለ ክፍያ ሌላ ስም እንዲይዙ የተፈቀደው በ1921 ነው። በ1957 የወጣው የመዝገብ ሕግም ወላጆቹ ላልታወቁ ሕፃን የተለመደ ስም እንዲሰጠው አዘዘ።

ብዙዎች ለወጡት፤ ብዙዎችም አልለወጡትም። ዛሬ ስሙ በተለይ በአንዳሉሲያና በካናሪ ደሴቶች ይገኛል፤ በ2000 በማድሪድ የተወለደችው ስመ ጥሩዋ ተዋናይት አስቴር ኤክስፖሲቶም በዚሁ ስም ትጠራለች። ለረዥም ጊዜ በእስጳንያ ነገሥታት ሥር በነበረችው በናፖሊ ደግሞ ኤስፖዚቶ የሚለው የኢጣልያንኛ አቻው ከሁሉ የበዛ የቤተ ሰብ ስም ነው።

ቀድሞ በእስጳንያ የአባት ስም የግድ ይቀድም ስለ ነበረ፥ የእናት ኤክስፖሲቶነት በልጅ ልጆችዋ ዘንድ ይጠፋ ነበር። በ1999 የወጣ ሕግ ግን ወላጆች ከተስማሙ የእናትን ስም እንዲያስቀድሙ ፈቀደ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ልጅ ሲያስመዘግቡ የትኛው እንደሚቀድም መናገር ግዴታቸው ሆነ። ሳይስማሙ ቢቀሩ፥ ለልጁ የሚበጀውን አይቶ የሚወስነው የመዝገቡ ሹም ነው።