ውለታው የሕዝብ፣ ዕዳው የሕዝብ፤ ገንዘቡስ የማን?

«ብድር በምድር» ይላል ያገራችን ሰው። ደግ የሠራም ክፉ የሠራም ዋጋውን እዚሁ ሳያገኝ አይቀርም ለማለት ነው። ለመሆኑ በመንግሥታት መካከል ውለታ የሚባል ነገር አለ ወይ? ዲፕሎማሲ የጥቅም ገበያ ነው፣ ውለታ ለሰርግና ለለቅሶ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ እስቲ የሃይቲንና የቬኔዙዌላን ነገር እንይና እንፍረድ እላለሁ። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ሃይቲ ባሮች የፈረንሳይን ጦር አሸንፈው በ1804 ነፃነታቸውን ያወጁባት የካሪቢያን አገር ናት። በ1815 መጨረሻ ከስፔኖች የሸሸው ሲሞን ቦሊቫር ሌ ካይ በተባለችው የሃይቲ ወደብ ደረሰ። ያን ጊዜ ለሁለት ከተከፈለችው ሃይቲ የደቡቡን ክፍል ይመራ የነበረው ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ፔትዮን ስደተኛውን አስጠጋው። ጠመንጃ ሰጠው፣ ባሩድ ሰጠው፣ መርከብና ሰው ጨመረለት። በምትኩ ወርቅ አልጠየቀም፣ መሬት አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነፃ በሚያወጣው አገር ባሮችን ነፃ እንዲያወጣ። የመጀመሪያው ዘመቻ ከሽፎበት ቦሊቫር ሲመለስም ፔትዮን ዳግመኛ አስታጥቆ ሸኘው።

ታዲያ ብድሩ እንዴት ተመለሰ? ቦሊቫር በ1816 የባሮችን ነፃነት ማወጁ እውነት ነው። ይሁንና ባርነት ከቬኔዙዌላ ጨርሶ የጠፋው በ1854 ነው። በ1826 ደግሞ አዲሶቹ ነፃ አገሮች ፓናማ ላይ ጉባኤ ሲቀመጡ ሃይቲ አልተጠራችም! በችግር ቀን ያጎረሰች እጅ ማዕዱ ሲቀርብ ጠሪ አጣች። እሷ በዚያን ሰሞን ፈረንሳይ በ1825 የጦር መርከብ አሰልፋ የጫነችባት የ150 ሚሊዮን ፍራንክ «ካሣ» ነበረባት። ባሪያ የነበረው ለጌታው ካሣ ይክፈል ተባለ። ጉድ ነው!

ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ሁጎ ቻቬዝ መጡ። በ2005 ቬኔዙዌላ ፔትሮካሪቤ የተባለውን የነዳጅ ስምምነት ዘረጋች፤ ሃይቲ በ2006 ገባችበት። ነዳጁን ውሰዱ፣ ከዋጋው ከፊሉን አሁን፣ የቀረውን እስከ 25 ዓመት በ1 በመቶ ወለድ ክፈሉ ነው ነገሩ። መንግሥት ነዳጁን አገር ውስጥ ይሸጣል፤ በእጁ የሚቀረውን ገንዘብ ለልማት ያውላል። በ2010 የመሬት መንቀጥቀጥ ሃይቲን ሲያፈራርሳት ቻቬዝ እስከዚያ የተጠራቀመውን የነዳጅ ዕዳ ሰረዙላት። ለጽድቅ ብቻ ነው አልልም፤ በካሪቢያን ወዳጅና ድምፅ ይፈልጉ ነበር። ቢሆንም የፔትዮን ብድር ዘግይቶም ቢሆን ተመለሰ ያሰኛል።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመረው። የሃይቲ ሴኔት በ2016 እና በ2017፣ የአገሪቱ የሂሳብ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2019 መዝገቡን ሲገልጡት ተጀምረው የቀሩ ግንባታዎች፣ ወግ የሌላቸው ውሎች፣ ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ የተከፈለ ሂሳብ ተገኘ… ያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆቬኔል ሞይዝ ከሥልጣን በፊት ይመሩት የነበረው ኩባንያ ሳይቀር በሪፖርቱ ተነሣ፤ እሳቸው ጥፋት የለብኝም ብለዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የእኛ አገር ተረት ብቻ መስሎን ነበር!

በጁላይ 2018 የሃይቲ መንግሥት የነዳጅ ዋጋ ልጨምር ሲል ሕዝቡ ገንፍሎ ወጣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። በወሩ አንድ ፊልም ሠሪ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ፣ የፔትሮካሪቤ ገንዘብ የት ገባ የሚል ካርቶን ይዞ ፎቶ ተነሣ። ጥያቄው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ካርቶኑም የአገር ጥያቄ ሆነ።

በጃንዋሪ 2019 የአሜሪካ አገሮች ድርጅት የኒኮላስ ማዱሮን አዲስ የሥልጣን ዘመን አንቀበልም ሲል ሃይቲም አብራ እጇን አወጣች። «ውለታ ተበላ!» ያሰኘው ይሄ ነው። እኔ ግን አልስማማም። የሃይቲ ሕዝብ ውለታ ካለበት ለቬኔዙዌላ ሕዝብ ነው እንጂ ለማዱሮ ወንበር አይደለም። ውለታው የተበላው እጅ በወጣ ዕለት ሳይሆን ካዝናው በተከፈተ ዕለት ነው። ነዳጁ የቬኔዙዌላ ሕዝብ ሀብት ነበር፤ ከ2010 በኋላ የመጣው ዕዳም በሃይቲ ሕዝብ ስም ተጻፈ። በመሐል ያለውን ማን በላው?

ሰጪውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። የራሱ ሕዝብ ለዳቦና ለመድኃኒት ሲሰለፍ፣ በነዳጃችን ምን ሠራችሁበት ብሎ ሂሳብ ሲተሳሰብ አላየንም። ፔትዮን ለራሱ ምንም አልጠየቀም፤ ለባሮቹ ግን ጠየቀ። ለመንግሥት የሚሰጥ ስጦታ ለሕዝብ የሚጠይቅ ሰው ከሌለው የባለሥልጣን ሲሳይ ሆኖ ይቀራል። ብድር በምድር ከሆነ፣ ያ ካርቶን ላይ የተጻፈ ጥያቄም አንድ ቀን መልስ ማግኘት አለበት።