ስድስት ደቂቃ

ሰሞኑን የኦንላይን ኮርስ አዘገጃጀት ሥልጠና ተብሎ ከሌሎች መምህራን ጋር አዳራሽ ገብቼ ነበር። አሠልጣኙ ቀልጣፋ ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ ሞሰብ የሚያህል «6» አብርቶ፣ «ከስድስት ደቂቃ ያለፈ ቪዲዮ ተማሪን ይገድላል» አለን። ይህን ያለን ያለ ዕረፍት 3 ሰዓት ሙሉ ካወራብን በኋላ ነው። እንደ ቃሉ ቢሆን ሬሳችን ይነሣ ነበር።

ቁጥሩ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅሁት። «ጥናት ነው።» የማን ጥናት? «የውጭ።»

የውጭውን ጥናት እኔ ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪው ፊሊፕ ጉኦና ሁለት ባልደረቦቹ ኤዴክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ ከተሰጡ 4 ኮርሶች የተገኙ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን መረመሩ። ቪዲዮው ቢረዝምም ባይረዝምም፣ የተመልካቾቹ መካከለኛ ቆይታ (ሚዲያን) ከ6 ደቂቃ አያልፍም። የለኩት ስንት ደቂቃ እንደታየና ተማሪው ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ መሞከር አለመሞከሩን ነው። ምን ዐወቀ የሚለውን አልለኩም። የኛ ሰው ግን የዕይታን ሰዓት የዕውቀት ሚዛን አድርጎት ቁጭ አለ!

ውጤቱን ላሳያችሁ። አንዲት ባልደረባዬ የ42 ደቂቃ የስታቲስቲክስ ትምህርቷን 7 ቦታ ከተፈችው። አራተኛው ክፍል «ስለዚህ አማካዩ…» ብላ አፏን እንደከፈተች ያልቃል። ከዚያ ፊኛ ይፈነዳል፣ ኮከብ ይዘንባል፣ «ጎበዝ!» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ጎበዙ የሠራው «ቀጣይ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው።

ጥናት ካማረን ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ ተማሪዎችን አጭር ምንባብ አስነበቡ። ከሳምንት በኋላ፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን፣ ወረቀቱን ዘግተው በቃላቸው የያዙትን እንዲጽፉ የተደረጉት ደግሞ 56 በመቶውን አስታወሱ። ይህ ለቅኔ ቤት ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። የቆጠረውን ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ቤት ካልመታ ወይም ምሥጢሩ ከተፋለሰ እዚያው ይታረማል። ሰዓት የያዘበት የለም።

ተማሪውን ጠይቁት፤ ሲሳሳት አርሙት። ቪዲዮው 5 ደቂቃም ይሁን 50፣ እሱ የመቀስ ጉዳይ ነው።

ያ አሠልጣኝ ግን ቀኑን ሙሉ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቀን ሰርተፊኬት አደለን። ማታ ልጄ «አባዬ፣ ዛሬ ምን ተማርክ?» አለችኝ።

«ስድስት» አልኳት።