ባለሙያ በሌለበት አገር የቆየ አውቶሞቢል



የቆየ የስፖርት አውቶሞቢል መልኩ ዓይን ይስባል፤ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ይሠራ የነበረውን ኤም ጂ ቢን እንመልከት። ይህን መኪና ጠንቅቆ የሚያውቅ መካኒክ በቅርብ የማያገኝ ባለቤት፣ ራሱ ተማሪ ሊሆን ይገባዋል።

የቤንዚኑ ፓምፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። በውስጡ ያሉት ፑንቲናዎች ሲቃጠሉ ወይም ሲቆሽሹ ሞተሩ ቤንዚን አጥቶ ይቆማል። ፓምፑን ቀስ አድርገው ቢመቱት ብዙ ጊዜ ዳግመኛ ይሠራል፤ ይህ ግን ቤት እስኪገቡ ድረስ የሚያገለግል ማስታገሻ ነው። ከዚያ በኋላ ፑንቲናዎቹን መጥረግ ወይም መለወጥ ያስፈልጋል።

በዚህ ብልሽት መንገደኛው ቢዘገይ ነው። የፍሬኑ ነገር ግን ከሁሉ ይከብዳል። በመጀመሪያዎቹ ኤም ጂ ቢዎች የአራቱም ጎማዎች ፍሬን በአንድ የዘይት መስመር የተያያዘ ስለሆነ፣ አንዱ ቱቦ ቢቀደድ የእግር ፍሬኑ በሙሉ ይጠፋል፤ የሚቀረውም የእጅ ፍሬን ብቻ ነው።

ስለዚህ ባለቤቱ የፍሬን ዘይቱን መጠን አዘውትሮ ይመልከት። የተሰነጠቀ ቱቦ ካገኘም፣ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ወራት ቢፈጅ እንኳ መኪናውን አያንቀሳቅስ። ልጁን በጎኑ አስቀምጦ «ለዛሬ ብቻ» የሚል አባት፣ ከንብረቱ ይልቅ በአደራው ይጫወታል።